በፍልሰታ የበላነው ድንች

እናቴ እኔን ልትጠይቅ እንግሊዝ አገር የመጣችው በሐምሌ መጨረሻ ነው። በሳምንቱ ፍልሰታ ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊድስ ያለችው ኩሽናዬ የገዳም ማድ ቤት ሆነች። ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ ለጎረቤት ተሰጠ። እኔም ቡናዬን በወተት የምጠጣው ቢሮ ተደብቄ ሆነ። ብስኩት ልንገዛ ስንወጣ ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ እየተረጎምኩ አነብላታለሁ። የወተት ዱቄት አለበት? ይመለስ። እንቁላል? ይመለስ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደፊት ጠበቃ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አንድ ዓርብ «ባሕር ሳላይ አልመለስም» አለች። በባቡር ስካርብራ ወሰድኳት። ዮርክሻየር ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ከሊድስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ አሸዋው ዳር ቆመች። ባሕሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ጨው ነው?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ብክነት ነው!» ብላ ዞረች። የባሕር ጉብኝታችን እዚህ ላይ አለቀ።

ቀሪው ሰዓት ጾሙ እስኪፈታ መጠበቅ ነበር። እኔ ርቦኛል። እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ 9 ይላል። ታዲያ «እማዬ፣ አገር ቤት እኮ 9 ሰዓት ሆኗል፣ መብላት እንችላለን» አልኳት። «ሆዴ ያለው እዚህ ነው» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት የጥብስ ሽታ እየመጣ።

ያ ቤት ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤት ነው። ለማታውቁት፣ አሳውን በሊጥ ይነክሩና ዘይት ውስጥ ይለቁታል። አውራ ጣት የሚያህል የድንች ጥብስ ያለብሱታል። በቃ። የእንግሊዝ ክትፎ በሉት። ለንደን ውስጥ 3 ዓመት ስኖር በየሳምንቱ እበላ ነበር። አንድ ቀን በምን እንደሚጠብሱት ጠይቄ «በአትክልት ዘይት» ተብያለሁ። ይቺን መልስ እንደ ጾም ፈቃድ ይዣት ነበር የቆየሁት።

እዚህ ላይ የቤታችንን ጠብ ልንገራችሁ። እኔ አሳ ጾም ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። እናቴ «ደም አለው» ከሚሉት። ክርክሩ የኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በዓቢይ ጾም የአዲስ አበባን አሳ ቤቶች ሞልተው የሚያጣብቡት በኔ ወገን ያሉት ናቸው፤ ከውጭ ሆነው የሚያማትቡት በእናቴ ወገን ያሉት። ስለዚህ ስምምነታችን ግልጽ ነበር። አሳው ለኔ፣ ድንቹ ለሷ። ድንች ደሞ ምን ይሆናል? ከመሬት የወጣ ነገር ነው።

ሰልፉ እስከ በር ድረስ ነው። ለንደን ላይ ኮድ የሚባለው አሳ ይበዛል፤ ወደ ዮርክሻየር ሲመጣ ሃዶክ ነው። ይህን ሳስረዳት «ኮድ ስንት?» አለችኝ፣ እንደ መኪና ታርጋ። ተራችን ደረሰ። ሻጯ ቀላ ያለች፣ ሳቂታ ሴትዮ ናት። እዚያ አካባቢ ባለሱቅ ደንበኛውን ሁሉ «ላቭ» ብሎ ነው የሚጠራው።

«ምን አለችኝ?»

«ፍቅሬ ነው ያለችሽ።»

«ምኗ ነኝ?» እናቴ ጋቢዋን አጠበቀች።

ሴትዮዋ ጨውና ኮምጣጤ ላድርግበት ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ ኮምጣጤውን በእጇ ከለከለች። «ሰላጣ ነው እንዴ?» ቀጥላ ሴትዮዋ ከመጥበሻው ዳር የተራገፈውን የሊጥ ፍርፋሪ አፍሳ ከላይ ነሰነሰችበት። ስክራፕስ ይሉታል፣ ብዙ ቦታ በነጻ ነው። «ይሄስ?» «ምርቃት ነው» አልኳት። ያን ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ምርቃት የሚያውቅ ሕዝብ ክፉ አይሆንም። የተፈጨ አተርም አዘዝኩላት፣ መሺ ፒስ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር። አንዴ ቀምሳ «ቁሌት ያልነካው ሽሮ» ብላ ወደ ጎን ገፋችው። ፍርዱ ከባድ ነው፣ ስህተት ግን የለበትም።

የከፈልኩት ከ20 ፓውንድ በላይ ነው። በብር ልታሰላው ስትል ስልኳን ቀማኋት።

ወደ አግዳሚ ወንበራችን ተመለስን። ካርቶኑን ጭናችን ላይ ዘረጋን። እናቴ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች። ያቺ ሚጥሚጣ በቦሌ ኤርፖርትም በእንግሊዝ ጉምሩክም አልፋ የመጣች ናት። ድንቿ ላይ ነሰነሰች። አሳዬ ላይ ግን እምቢ ብላ ነበር፤ «በጾም አሳ ላይ እጄን አላነሳም» አለች። ለምኜ ለምኜ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ በእጇ ብቻ ነሰነሰችልኝ።

አሳውን አነሳሁ። አንዴ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ልጎርስ አፌን ስከፍት ከኋላዬ ነፋስ መጣ። ነፋስ መስሎኝ ነው እንጂ ወፍ ነው። ዶሮ የሚያህል ነጭ የባሕር ወፍ፣ ቢጫ መንቆር ያለው። ጆሮዬን በክንፉ በጥፊ ብሎኝ አሳዬን ሙሉውን ከእጄ ነጠቀው። እጄ ላይ የቀረው የሊጥ ጅራት ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳን ያውቃል። ቁመቱ ልጅ ያክላል፣ ራሱ መላጣ፣ ሲታይ ያስፈራል። ግን ጨዋ ነው። እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የሚመስል አቋም ይዞ፣ አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል። የእንግሊዙ ወፍ ትንሽ ነው፣ ወንበዴ ነው። «አትመግቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቼ ነበር። እኔ መች መገብኩ!

ተስፋዬ ሚጥሚጣው ላይ ሆነ። ቆይ አሁን ይጮሃል፣ ባሕር ውስጥ ይዘላል ብዬ ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ቆሞ ውጦ ጨረሰና ሌላ ካለ ብሎ አየኝ። በኋላ ሳነብ ለካ ወፍ በርበሬ አያቃጥለውም፤ እኛን የሚያቃጥለን ነገር እሱን አይሰማውም።

እናቴ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ እየጠረገች «አየህ! አየህ አይደል! እመቤቴ ራሷ ናት የላከችው። በፍልሰታ አሳ!» ትላለች። ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ ድንቿን አካፈለችኝ።

አብረን በላን። እንዴት ይጣፍጣል! ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ቅቤ ነው። ማለቴ፣ እንደ ቅቤ ነው። እናቴ ጣቷን እየላሰች «ይሄን ድንች ምን ነክተውት ነው?» አለች። ሌላ ጎረሰች። «ዘይቱ ነው። ይሄ ዘይት እኛ አገር የለም።»

እኔ በዚህ መሃል ባዶውን ካርቶን ልጥል አጠፍኩት። ከክዳኑ ላይ ያማረ ጽሑፍ አለ። በዮርክሻየር ወግ፣ በ«ቢፍ ድሪፒንግ» የተጠበሰ ይላል። ቢፍን አውቃታለሁ። ድሪፒንግን ስልኬን ጠየቅኩ።

የቀለጠ የበሬ ጮማ።

የብስኩት ጀርባ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነበብኩ ሰው፣ አፍንጫዬ ስር ያለውን ካርቶን ሳላነብ እናቴን በፍልሰታ፣ ያውም በዓርብ፣ በሬ አበላኋት። እንግሊዞች ራሳቸው ዓርብ አሳ የመብላት ልማድ የያዙት ጥንት በዕለቱ ሥጋ ስለማይበሉ ነው። የአሳ ጥብሱን ደሞ ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁድ እንዳመጡት ይነገራል፤ ለሰንበት ብለው ዓርብ ጠብሰው የሚያስቀምጡት ነበር። ሁለት ሃይማኖት ተጠንቅቆ ያሳደገውን ምግብ የዮርክሻየር ሰዎች ተቀብለው በሬ ውስጥ ነከሩት።

ልንገራት? ዝም ልበል? ካርቶኑን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«ተነስ» አለችኝ። «ያን ዘይት ልንገዛ ነው።»

«ምን?»

«ለጽዋ ማኅበራችን እወስዳለሁ። የጾም ወጥ ይሰሩበታል። ሁለት ጀሪካን።»

«ባቡሩ ያመልጠናል እማዬ።»

አልሰማችኝም። መንገዱን ተሻግራለች። ስደርስ ሰልፉን አልፋ ባንኮኒው ላይ ናት። ጋቢ የለበሰች እናትን ደፍሮ «ተሰለፊ» የሚል እንግሊዛዊ የለም። ድንቹን አሳየች፣ ጣቷን ስማ ወደ ሰማይ ላከች፣ «ኦይል!» አለች። ሴትዮዋ በደስታ በራች። «ኦ፣ ላቭ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ካርቶን ተሸክማ መጣች።

ካርቶኑ ላይ በሬ አለ። ቀንዳም፣ ሻኛው የደለበ፣ የፋሲካ ቅርጫ የሚመስል በሬ።

እናቴ በሬውን አየች። እኔን አየች። እንደገና በሬውን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፋብሪካው ምልክት ነው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ አንበሳ አለ እንዴ?»

አሰበች። እውነቴን ነው፣ ልትቀበለኝ ጥቂት ነበር የቀራት። ሴትዮዋ ግን ያልገባን መስሏት ልትረዳን ፈለገች። ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ ቀንድ አድርጋ ተከለች። እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በፍቅር፣ «እምቧ!» አለች።

ይህ ትርጉም አያስፈልገውም።

ባቡሩ ውስጥ አላናገረችኝም። ዮርክ ስንደርስ በመስኮቱ እያየች «አፌ ላይ እኮ ጾም ጾም አላለኝም ነበር» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ እስከ ሊድስ ዝም።

ቤት እንደገባን አዲስ አበባ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከባሕሩ ጀምራ ተናገረች። ወፉን ሳይቀር አልዘለለችም። አባ በትዕግሥት ሰሟት።

«ሳታውቂ ነው ልጄ» አሉ። «አይዞሽ፣ ሳታውቂ የበላሽው ነው።»

እፎይ አልኩ።

«ለመሆኑ» አሉ አባ፣ «አብሮሽ የነበረ፣ የአገሩን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም?»

እናቴ ስልኩን አንስታ አቀበለችኝ።

40 ስግደት ተሰጠኝ። እኔ የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ወለሉ እንጨት ነው። 12ኛው ላይ ስደርስ ከታች ያለው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ማንኳኳት ጀመረ። ቆምኩ። ሶፋው ላይ ሆና ስትቆጥርልኝ የነበረችው እናቴ ቁጥሩ ጠፋባት።

«ከአንድ ጀምር» አለችኝ።