መሬት ላይ የሚነበብ ሽፋን

የመጽሔት ሽፋን የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የሚሸጠው ግን መሬት ላይ ነው። አያት፣ ጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቃሊቲ ታክሲ መያዣው አጠገብ ያለውን አዟሪ ተመልከቱት። ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ያነጥፋል፤ መጽሔቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ይደረድራል፤ ነፋስ እንዳይገልጣቸው ጠጠር ያስቀምጥባቸዋል። ገዢው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ከሽፋኑ አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይርቃል፤ የሚያየውም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሮ ያልፋል። ዲዛይነሩ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ገጹን እያጎላ ነው የሠራው። ብዙ ሽፋን የሚበላሸው በዚህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፊደል መለካት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የንባቡን ርቀት ለ200 ማካፈል። ሁለት ሜትር 2000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ200 ሲካፈል 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የዋናው ርዕስ ፊደል ቁመት ከዚህ ካነሰ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ለማንበብ ይቸገራል። በብዙ የአማርኛ ፎንቶች ይህ ወደ 40 ፖይንት (ኮምፒውተር ላይ ያለው የፊደል መጠን መለኪያ) ይጠጋል፤ ነገር ግን ቁጥሩን አትመኑት፤ ኒያላና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በእኩል ፖይንት ተጽፈው እኩል ቁመት የላቸውም። አትሞ በማስመሪያ መለካት ይሻላል። የኤ4 ሽፋን ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከግራና ከቀኝ 10፣ 10 ሲተውለት በዚህ ቁመት አንድ መስመር ላይ የሚገባው ወደ 18 ፊደል ገደማ ነው። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ነው፤ ቦታ ይበላል። አምስት እኩል ርዕስ በአንድ ሽፋን ላይ ማስፈር የማይቻለውም ለዚህ ነው። አንዱ ይጎላል፤ ሌሎቹ ሁለት ወይም ሦስት በ5 ሚሊ ሜትር ቁመት ይቀመጣሉ፤ እነሱን የሚያነባቸው ጎንበስ ብሎ ያነሳው ሰው ነው።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ፣ ቀጥና ዘመም የለውም። የእንግሊዝኛ መጽሔት ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ የሚያገኘውን ጉልበት እኛ የምናገኘው ከውፍረት፣ ከመጠንና ከቀለም ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በግድ ያዘመመው የአማርኛ ፊደል እግሩ የተሰበረ ይመስላል፤ ቢቀር ይሻላል። ሌላም አለ፤ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። ነጭ ፊደል በአራት ቀለም ፎቶ ላይ ሲቀመጥና በኅትመት ጊዜ አንዱ ፕሌት (የአንዱ ቀለም ማተሚያ ሰሌዳ) ከሌላው በጥቂቱ ሲንሸራተት፣ ቀለም ገብቶ መጀመሪያ የሚደፍነው እነዚህን ጭረቶች ነው። ፎቶ ላይ የሚያርፍ ነጭ ጽሑፍ ወፍራም ይሁን፤ ከ12 ፖይንትም አይነስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሽፋኑ ማንን ነው የሚጠራው? እዚህ ላይ አማርኛ እንግሊዝኛ የማይሰጠውን መሣሪያ ይሰጣል። ለምሳሌ ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ አዲስ ኮንዶሚኒየም ለገቡ ሰዎች የሚዘጋጅ፣ ስለ ፊኒሺንግ የሚጽፍ መጽሔት እናስብ። «ፊኒሺንግ ከመጀመርሽ በፊት» ያለ ሽፋን በአንድ ፊደል ወንዱን አሰናብቷል። «ከመጀመርህ» ካለ ደግሞ ሴቷን። «ከመጀመርዎ» ጡረተኛውንና ነጋዴውን ያከብራል፤ የ25 ዓመቱ ወጣት ግን ከመሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ ያነበበ ይመስለዋል። ለዚህ መጽሔት ትክክሉ «ከመጀመራችሁ በፊት» ነው፤ ምክንያቱም ሴራሚክና የኩሽና ካቢኔት የሚመረጠው ባልና ሚስት ተነጋግረው ነው፤ ሽፋኑም ቤተሰቡን መጥራት አለበት። የሴቶች መጽሔት ግን «ሽ»ን በድፍረት ይጠቀም፤ መጽሔቱ የእሷ መሆኑን ከማንኛውም ሮዝ ቀለም በላይ የሚነግራት ይህ ፊደል ነው። የእግር ኳስ መጽሔት ሰውን ባይጠራም ይሆንለታል፤ የተጫዋቹ ስምና ቁጥሩ ይበቃል። ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ማቀላቀል ነው፤ አንዱ ርዕስ «ይወቁ»፣ ከሥሩ ያለው «ታውቃለህ?» ሲል አንባቢው ማን እንደተጠራ አያውቅም።

ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱም በርዕስ አሰባበር ላይ ይወስናል። ሰልፈኛው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። «ስንት ካርቶን እንደሚያስፈልግ» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ «ሴራሚክ» የሚል ርዕስ ጉዳዩን ሳይናገር ያመልጠዋል። «የሴራሚክ ሂሳብ» በትልቁ፣ ከሥሩ «ለ51 ካሬ ቤት» ቢባል ግስ አላስፈለገም፤ ጉዳዩም ባለጉዳዩም በሁለት መስመር ተነገሩ። ቁጥሩም ራሱ ሰው ይመርጣል፤ የ51 ካሬ ባለቤት ቁጥሩን ሲያይ ይቆማል።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ የሽፋን ንድፎች ዋናውን ነገር በግራ በኩል ይሰበስባሉ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ መጽሔቶቹ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተደራርበው ስለሚቆሙ የሚታየው የግራው ሲሶ ነው፤ ንድፉ የተሠራው ለዚያ ነው። እዚህ አዟሪው መሬት ላይ ሲደረድር የሚሸፈነው የታችኛው ክፍል ነው፤ ከ297 ሚሊ ሜትሩ የሽፋን ቁመት የላይኛው 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ነው ብዙ ጊዜ የሚታየው። ክንዱ ላይ ደርድሮ ሲዞር ደግሞ የሚቀረው የላይኛው ጥግ ይሆናል። የመጽሔቱ ስም፣ የዋናው ርዕስ ቁልፍ ቃልና የባለፎቶው ዓይኖች እዚያ ውስጥ ይግቡ። ዋጋ፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ታች ይውረዱ።

የስሙ ቀለምና ቦታ በየወሩ አይቀያየር። ናሽናል ጂኦግራፊክ ቢጫ ጠርዙን ከ1910፣ ታይም ቀዩን ከ1927 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ይዘው ቆይተዋል፤ ስሙ ቢሸፈን እንኳ ጠርዙ ይናገራል።

መሬቱም የራሱ ቀለም አለው። አስፋልትና ኮብልስቶን ግራጫ ናቸው፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን እዚያ ላይ ይሰምጣል። ነጣ ያለ ጀርባ ወይም አንድ ወጥ ሞቅ ያለ ቀለም ከሩቅ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዟሪው ላስቲክ ያለብሳል፤ ላስቲኩ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው ላሚኔሽንም (ሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) የሚያብረቀርቅ ከሆነ ነጸብራቁ ይደራረባል። እኔ ማቱን፣ የማያብረቀርቀውን ነው የምመርጠው፤ ግን ማት ላሚኔሽን ቀለሙን ትንሽ ያፈዝዛል፤ ጥቁር ቦታ ላይም የጣት አሻራና ጭረት ያሳያል፤ ስለዚህ የፎቶው ብርሃንና ጥላ ከወትሮው ጠንከር ይበል። መስከረም ሲመጣ ደግሞ ካርቶኑ ሙሉ አደይ አበባ ይሆናል። ሁሉም ቢጫ ሲሆን ቢጫው አይጠራም፤ በዓሉን በሰውና በልብስ አሳይቶ ሌላ ቀለም መያዝ ያዋጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጥሬ ሥጋ ሽፋን ላይ ማውጣት ደግሞ ጿሚውን ገዢ በገዛ እጅ ማባረር ነው።

ፎቶው ላይ ልዘግይ፤ ጉዳቱ የሚበዛው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2300 ሜትር ያልፋል፤ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ውጭ የሚነሳ የሽፋን ፎቶ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይነሳ። ነጭ ነጠላ የለበሰችን ሴት በነጭ ግድግዳ ፊት ማቆም ትከሻዋን ያጠፋዋል፤ ጀርባው አፈርማ ወይም አረንጓዴ ይሁን፤ የካሜራው ብርሃን ለነጠላው ይስተካከል፤ ጥለቱም ፊቷ አካባቢ ይዋል፤ ታች የቀረ ጥለት ተቆርጦ ይቀራል። ከራሷ በላይ ለስሙ የሚበቃ ባዶ ቦታ መተው የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፤ ኋላ በኮምፒውተር የተቀጠለ ሰማይ ያስታውቃል። ለፊኒሺንግ መጽሔታችን ከኢንተርኔት የወረደ የቪላ ኩሽና አይረዳም። ገዢዋ የራሷን ጠባብ ኩሽና ታውቀዋለች፤ ቪላውን ስታይ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብላ ታልፋለች። እዚያው ብሎክ ላይ ያለ፣ በደንብ የተሠራ ጠባብ ኩሽና ይነሳ፤ ውስጡም ወደ አንባቢዋ የምትመለከት ሴት ትቁም።

ፎቶው በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከው ረጅም ጎኑ 1280 ፒክሰል ሆኖ ይደርሳል፤ ያ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለሙሉ ኤ4 ሽፋን ከነብሊዱ (ተቆርጦ ከሚጣለው ትርፍ ጠርዝ ጋር) 2551 በ3579 ፒክሰል ያስፈልጋል።

የጠይም ቆዳ ቀለም ኅትመት ላይ አመድ የሚመስለው ሲያኑ (ሰማያዊው የኅትመት ቀለም) ሲበዛ ነው። በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች፣ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር) ቢጫው ከማጀንታው፣ ከሐምራዊ ቀዩ፣ ትንሽ ይብለጥ፤ ሲያኑ የማጀንታው ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ፎቶው የሚታተምባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ወረቀት ላይ ስለሚሰፉ ፊት ስክሪን ላይ ከታየው ይጠቁራል፤ አስቀድሞ ማፍካት ያስፈልጋል። ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሆኖ ከወጣ ማጀንታው በዝቷል፤ ከሲያኑ ቢያንስ በ30 ይነስ፤ ሲያኑ 100 በመቶ ከሆነ ማጀንታው ከ70 አይለፍ። የአራቱ ቀለሞች ድምር ከ300 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ቀለሙ ሳይደርቅ ይደራረብና ከላይ ያለውን ሽፋን ጀርባ ያቆሽሻል። ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ፕሌት ብቻ ይውጣ።

ፋይሉ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይዘጋጅ፤ በየጎኑ ያለው 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ ነው። መቁረጫው ጥቂት ስለሚያዘነብል ጽሑፍ ከጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በቆዩት፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመላኩ በፊት ፊደሉ ወደ መስመር ቅርጽ፣ ማለትም ወደ ሥዕል ይቀየር። ከተቀየረ በኋላ ግን ፊደል ማረም አይቻልም፤ አራሚው ቀድሞ ይየው፤ ያልተቀየረው ፋይልም ለብቻው ይቀመጥ። በሙጫ የሚጠረዝ ከሆነ ጀርባው (ቅጠሎቹ የሚጣበቁበት ጎን) ውፍረቱ ይሰላል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ወረቀት የታተመ ባለ 96 ገጽ መጽሔት 48 ቅጠል ነው፤ ጀርባው 4.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከመታተሙ በፊት ሽፋኑን በተራ ፕሪንተር በእውነተኛ መጠኑ አውጡት፤ ሌሎች አራት አምስት መጽሔቶች መሃል መሬት ላይ አስቀምጡት፤ የታችኛውን ክፍል በሌላ መጽሔት ሸፍኑት። መጽሔቱ የተዘጋጀለትን ዓይነት ሰው ሁለት ሜትር ላይ አቁማችሁ ለሦስት ሰከንድ አሳዩትና ሸፍኑት። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይይዘውና ያምራል ይላል። «ለማን ነው? ስለ ምን ነው?» በሉት። ሁለቱን ካልመለሰ የሚቀየረው ርዕሱ ወይም ፎቶው ነው፤ ጌጡን ማሳመር አይረዳም። ያንኑ ሽፋን በስልክ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር እስኪሆን አሳንሳችሁም እዩት፤ በቴሌግራም ቻናል የሚያየው ሰው በዚያ መጠን ነው የሚያገኘው።

ከሽያጩ በኋላ ተመላሹ (ሳይሸጥ የቀረው) በየቦታው ለየብቻ ይቆጠር፤ አያት ስንት፣ ቃሊቲ ስንት፣ ፒያሳ ስንት። ከሽፋኑ ፎቶ ጋር አንድ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ዝናብ ወይም በዓል ከነበረም ይመዝገብ። በሚቀጥለው እትም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ርዕሱን ከቀየራችሁ የጀርባውን ቀለም ተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ ተመላሹ ሲቀንስም ሲጨምርም የትኛው እንዳደረገው ደብተሩ አይነግራችሁም።