ለጅቡቲ ባሕር የሚሆን ትንሽ ካሜራ ስመርጥ

ከጀልባው ዘልዬ ስገባ ዌል ሻርኩ ከሥሬ እያለፈ ነበር። ቦታው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው፣ አርታ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት። ዓሣው አራት ሜትር ይሆናል። ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይታያሉ። አፉን ከፍቶ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። እኔ ስልኬን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ስክሪኑን ብነካው፣ ብነካው ውኃ ውስጥ እሺ አላለኝም። አንድ ፎቶ እንኳ ሳላነሳ ዓሣው ሄደ።

ያን ቀን ማታ ነው ለሚቀጥለው ዓመት ደኅና ካሜራ ለመግዛት የወሰንኩት። ግን "ደኅና" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስኪገባኝ ሦስት ጉዞ ፈጅቶብኛል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የውኃ ውስጥ ካሜራ የሚመርጥ ሰው ብዙም የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የደረሰብኝን በዝርዝር ልጻፈው።

በሁለተኛው ዓመት እዚያው ጅቡቲ የኦፕን ዋተር ኮርስ ወሰድኩ፤ የአየር ጋን ተሸክሞ መጥለቅ፣ ማለትም ዳይቪንግ፣ የሚጀመርበት ኮርስ ነው። ይህ ሰርተፍኬት እስከ 18 ሜትር ድረስ ያስጠልቃል። ካሜራ ስፈልግ መነሻዬ ይህ ቁጥር መሆን ነበረበት። ሻጮች "ውኃ አያስገባም" ሲሉ ሰው አምኖ ይገዛል። ጥያቄው ግን እስከ ስንት ሜትር ነው የሚለው ነው። ጎፕሮ የሚባለው ትንሽ አክሽን ካሜራ ያለ ሽፋን የተሠራው ለ10 ሜትር ነው። ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 የሚባለው ኮምፓክት ካሜራ ለ15 ሜትር ነው። ለዋና ሁለቱም ይበቃሉ። ለዳይቪንግ ግን ሁለቱም የራሳቸው ሃውሲንግ ያስፈልጋቸዋል። ሃውሲንግ ማለት ካሜራው የሚገባበት ጠንካራ፣ ውኃ የማያስገባ ሳጥን ነው።

በዚያ ጉዞ የያዝኩት ከዘመድ የተዋስኩትን አክሽን ካሜራ ከነሃውሲንጉ ነበር። በሁለተኛው ቀን ውኃ ገባበት። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም። በሩ ዙሪያ ያለው ኦሪንግ፣ ማለትም ውኃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት የፀጉር ዘለላ ተኝታ ነበር፤ የራሴ ፀጉር። ዓይን በቅጡ የማያያት ዘለላ ለጨው ውኃ ሰፊ መንገድ ናት። ዘመዴን ካሳ ከፈልኩ፣ ግን ይበልጥ ያሳዘነኝ በመጀመሪያው ቀን ያነሳሁት ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኦሪንጉን እንደ ሕፃን ነው የምይዘው። ጠዋት፣ ሳልቸኩል፣ ከቁርስ በፊት አወጣዋለሁ። በብረት ነገር ሳይሆን በጣቴ ገፍቼ ነው የማወጣው። በጣቶቼ መሃል እያሳለፍኩ አሸዋ ወይም ክር ካለ እፈልጋለሁ፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ቶሎ ያገኘዋል። የሚቀመጥበትን ቦይ በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከሃውሲንጉ ጋር የመጣውን ቅባት እንዲያብለጨልጭ ያህል ብቻ እቀባለሁ፤ ብዙ ከሆነ ራሱ ቆሻሻ ይሰበስባል። ፀጉሬን ሻሽ ሳላስር ሃውሲንጉን አልከፍትም። በመጨረሻ ካሜራው ሳይገባ ባዶውን ሃውሲንግ ባልዲ ውስጥ እደፍቀዋለሁ። አረፋ ተከታትሎ ከወጣ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የጅቡቲ አየር እርጥብ ነው፣ ሙቀቱም ያው የታወቀ ነው። ሃውሲንጉን ውጭ፣ ጀልባ ላይ ከዘጋሁት ያ እርጥብ አየር አብሮ ይታሸጋል። ቀዝቀዝ ወዳለው ውኃ ስገባ መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ እዘጋዋለሁ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት የእርጥበት መጣጭ ከረጢትም አስገባለሁ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ለእኛ ለደገኞች ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥርቅም አድርጌ የዘጋሁት ሃውሲንግ ጅቡቲ ስደርስ አልከፈት አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ ስስ ነው። ባሕር ዳር ስወርድ የውጭው አየር ከበደና በሩን ተጭኖ ያዘው። አሁን ሳልቆልፈው ነው የምጓዘው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ሳልገዛ በፊት ራሴን ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ምንድን ነው የማነሳው? ውኃው ምን ዓይነት ነው?

ዌል ሻርኮቹ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አካባቢ ወደ ታጁራ የሚመጡት ለምግብ ነው። ምግባቸው ፕላንክተን፣ ማለትም ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ያ ፕላንክተን ውኃውን ያደፈርሰዋል፣ አረንጓዴ ያደርገዋል። እነሱን የጠራልን ነገር ፎቶውን ያበላሽብናል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ከሩቅ አጉልቶ ማንሳት ዋጋ የለውም። በካሜራውና በዓሣው መካከል ያለው ውኃ ራሱ መጋረጃ ነው። መጋረጃውን የሚያሳጥረው መቅረብ ብቻ ነው።

ግን ዌል ሻርክ ላይ መጠጋት አይፈቀድም፤ ሦስት አራት ሜትር ርቀት መጠበቅ ግድ ነው፣ ፍላሽም ክልክል ነው። በተራ ኮምፓክት ካሜራ ሌንስ ከሦስት ሜትር ርቀት አራት ሜትር ዓሣ ሙሉውን አይገባም። ውኃው ራሱ ነገሮችን አቅርቦ ስለሚያሳይ እይታው ይጠብባል። ሰፊ ሌንስ ያለው አክሽን ካሜራ ግን ከራስ እስከ ጭራ ያስገባዋል። ዌል ሻርኩ ደግሞ ላይ ላዩን ስለሚሄድ የፀሐይ ብርሃን ይበቃዋል።

ጠልቄ ስገባ የምወደው ሌላ ነው። ትንንሹን ነገር ነው የምወደው፤ ኮራል ሥር የተሸሸገ ሽሪምፕ፣ ቅንጣት የሚያህል ዓሣ። ለዚህ አክሽን ካሜራ አይሆንም፤ በጣም ሲቀርቡት ፎከስ ማድረግ ያቅተዋል። ቲጂ-7ን የመረጥኩት በዚህ የተነሳ ነው። ከሌንሱ አንድ ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር ጥርት አድርጎ ያነሳል። ሃውሲንጉ እስከ 45 ሜትር ይችላል፣ ከአንድ እጅ አያልፍም። ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚስተካከል ካሜራ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፣ እኔ ግን ዕረፍት ላይ ነኝ፤ አንድ እጄ ነፃ መሆን አለበት። ሌላው አማራጭ ሲላይፍ ማይክሮ 3.0 ነበር። እሱ ምንም የሚከፈት በር የለውም፣ እስከ 60 ሜትር ይወርዳል። ከኦሪንግ ጣጣ መገላገል ለሚፈልግ ሰው ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። እኔን ወደ ቲጂ የሳበኝ ቅርቡን የማንሳት አቅሙ ነው።

ዕቃውን ከዱባይ የምትመጣ የአክስቴ ልጅ አመጣችልኝ። ከመጓዜ በፊት አንድ ሆቴል ዋና ገንዳ ውስጥ ሳንቲም ጥዬ ተለማመድኩ። የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያለው ሚዛን ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቁልፎቹን በዳሰሳ አወቅኳቸው። ባሕር ውስጥ ገብቶ የካሜራ ሜኑ መማር የአየር ብክነት ነው።

ትልቁ ስህተቴ ገንዘቤን ከሞላ ጎደል ሁሉ ካሜራው ላይ ማዋሌ ነው። ውኃ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ይውጠዋል። አምስት ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ቀዩ ፈዝዟል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ዓይናችን ይለምደዋል፣ ካሜራው ግን አይዋሽም። ላይ ላዩን ከሆነ ለካሜራው ነጭ ሰሌዳ አሳይቶ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን ማስተካከል ይረዳል። ከ10 ሜትር በታች ግን ቀለሙን ይዞ መውረድ ያስፈልጋል፤ ማለትም መብራት። ለቅርብ ፎቶ አንድ ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ያለው የቪዲዮ መብራት በደንብ ይሠራል። ዛሬ ብሆን ከበጀቴ ሲሶውን ለመብራት አስቀምጬ ነበር ካሜራ የምመርጠው።

መብራቱ የት እንደሚያዝም ለውጥ አለው። ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ ውኃው ውስጥ ያለውን ቅንጣት ሁሉ ያበራዋል፤ ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። በአጭር ክንድ ወደ ጎን አርቆ፣ ትንሽ ወደ ውጭ አዙሮ መያዝ ነው። ጨረሩ ዓሣውን በጠርዙ ይነካዋል፣ መሃል ያለው ውኃ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ይዤ ሙሻ በምትባለው የጅቡቲ ደሴት አጠገብ ስገባ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነልኝም። ካሜራውን ሳይ ሰውነቴ ይወርዳል፣ ይወጣል። አስጎብኚያችን ጅቡቲያዊ ነው፣ አማርኛ ይችላል። ላይ ስንወጣ "እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽ ረጋ በይ። ካሜራው ይደርሳል" አለኝ። በማግስቱ መጀመሪያ ስጠልቅ ካሜራውን ቢሲዲዬ (አየር የሚሞላው የጠላቂ ጃኬት) ላይ እንደተንጠለጠለ ተውኩት። መተንፈስ ብቻ ነው የሠራሁት። ክንዴን ሳላወናጭፍ፣ ኮራል ሳልነካ አንድ ቦታ ላይ መቆም እስክችል ድረስ።

ከሰዓት በኋላ 12 ሜትር ላይ፣ ባዶ አሸዋ ላይ፣ የጣት ውፍረት ያላት ቀዳዳ አየሁ። በሯ ላይ ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቆሟል። ይህ ዓሣ ጉድጓዱን ከሽሪምፕ ጋር ነው የሚጋራው። ሽሪምፑ እምብዛም አያይም። ሥራው አሸዋ እየገፋ ማውጣት ነው፣ ዓሣው ዘብ ይቆማል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንድ አንቴናውን ዓሣው ላይ ያሳርፋል፤ ዓሣው ጭራውን ካርገበገበ ወዲያው ይገባል። መብራቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ በክንድ ርቀት ጠበቅኩ። ዓሣው ሦስቴ ገባ። የጋኔን አየር ግፊት አየሁ፣ 90 ባር። ትንሽ ቀረብኩ፣ ደግሞ ጠበቅኩ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሁለቱም ወጡ። ሽሪምፑ በፊት እግሮቹ የዛጎል ስባሪ አቅፎ ነበር፣ አንቴናው ዓሣው ጭራ ላይ።

ያ ፎቶ አሁን እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ሰው ሲመጣ አንቴናውን በጣቷ እያሳየች እሷ ነች የምታስረዳው።

ለተመላሾች አንድ ነገር ልጨምር። ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አይሮፕላን አይገባም። ወደ አዲስ አበባ በባቡር ወይም በመኪና መውጣትም ያው ከፍታ ላይ መውጣት ነው፤ እንደ በረራ ይቆጠር። እኔ የመጨረሻውን ቀን ለዚህ እተወዋለሁ። ሃውሲንጉን ጨው በሌለው ውኃ ዘፍዝፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እጫናለሁ፣ ጨው እንዳይደርቅባቸው። የመብራቱን ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎች ለየብቻ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አደርጋለሁ፤ ወደ ዕቃ መጫኛ አይገቡም።

ለዘንድሮው ኅዳር ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል። ካሜራው፣ አንድ መብራት፣ አጭር ክንድ፣ ሁለት ትርፍ ኦሪንግ። ለዌል ሻርኩ ደግሞ የዘመዴን አዲሱን አክሽን ካሜራ ጠይቄያለሁ። ሻሽሽን አትርሺ ብሎ ሰጥቶኛል።