የሲንደላር ጉልበት

ዛሬም ጉልበቴ አብጦ አደረ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ለወራት ሜዳ እንዳልረግጥ ስላስጠነቀቀኝ፣ ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ፋሻዬን ስፈታና ስጠቀልል ዋልኩ። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የድሮው የኦስትሪያ እግር ኳስ ተጫዋች ማቲያስ ሲንደላር ትዝ ይለኛል።

አንድ ፎቶግራፉ አለኝ። ቀጭን፣ ትከሻው የጠበበ፣ ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ፋሻ ጠምጥሟል። በጉልበቱ ውስጥ ያለው ልም አጥንት፣ ሜኒስከሱ፣ ገና በወጣትነቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ጫማውን ቢሰቅል ማንም አይገረምም ነበር። እሱ ግን ፋሻውን ጠምጥሞ ተመለሰ። አጨዋወቱን ያስተማረው ያ ጉልበት ይመስለኛል፤ መጋጨትን ይሸሻል፣ ተከላካዩ ሲደርስበት ኳሱም እሱም ሌላ ቦታ ናቸው። አብዶው ለጭብጨባ አልነበረም፣ እግሩን ለማዳን ነበር። የቪየና ሰዎች «ወረቀቱ» ይሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1903 ሞራቪያ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ቪየና፣ ፋቮሪተን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። ግንበኛው አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ፤ እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። በ1924፣ በኋላ አውስትሪያ ቪየን የተባለውን ክለብ ተቀላቀለ፣ በ1926 ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። አሠልጣኙ ሁጎ ማይስል ለረጅም ጊዜ ትቶት ከቆየ በኋላ በ1931 መለሰው፤ ኦስትሪያም ስኮትላንድን 5 ለ 0 አሸነፈች። ከሳምንት በኋላ በርሊን ላይ ጀርመንን 6 ለ 0። ያንን ቡድን ሰዎች «ተአምረኛው ቡድን» አሉት፤ አልተሳሳቱም። በ1933 የመካከለኛው አውሮፓ ክለቦች በሚፋለሙበት የሚትሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ሲንደላር ብቻውን ሦስት ጎል አግብቶ ክለቡን ለዋንጫ አበቃ።

የ1934ቱን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል። ሚላኖ፣ ዝናብ፣ ጭቃ፤ ወረቀት በጭቃ ውስጥ ምን ይሆናል? የጣሊያኑ ሉዊስ ሞንቲ አላንቀሳቅስ አለው፣ ጣሊያን 1 ለ 0 አሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወልወል ላይ የሆነውን የምናውቅ ሰዎች፣ ሙሶሊኒ በክብር ቦታው ተቀምጦ የሚታይበትን የዚያን ውድድር ፎቶግራፍ እንደ ኳስ ፎቶግራፍ ብቻ ማየት ይከብደናል።

በመጋቢት 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ዋጠች። ሚያዝያ 3 ቀን ቪየና ውስጥ የሁለቱ አገሮች «የውህደት» ጨዋታ ተደረገ። ሲንደላር በመጀመሪያው አጋማሽ ያለቀላቸውን ኳሶች እየደጋገመ ወደ ውጭ ላከ፤ ብዙዎች ሆን ብሎ ነው ይላሉ። ከእረፍት በኋላ አገባ። የቡድን ጓደኛው ካርል ሴስታ ሁለተኛውን ሲጨምር፣ ሲንደላር የናዚ ሹማምንት በተቀመጡበት ፊት ጨፈረ ተብሎ ይተረካል። ከዚያም ለጀርመን እንዲጫወት ሲጠየቅ ዕድሜውንና ጉልበቱን ምክንያት አድርጎ እምቢ አለ። አይሁዳዊው የክለቡ ፕሬዚዳንት ሚኽል ሽቫርትስ ሲባረርና ተጫዋቾቹ ሰላምታ እንዲነፍጉት ሲታዘዙ፣ እሱ ግን እኔስ ሰላም እልዎታለሁ አለው ይባላል። ይህን ሳነብ ደረቴ ይሞላል።

ለዓመታት እዚህ ላይ አቆም ነበር። ባቆምኩ ኖሮም እላለሁ አንዳንዴ። በ1938 ክረምት ሲንደላር ፋቮሪተን ውስጥ አንድ ቡና ቤት ገዛ። ባለቤቱ አይሁዳዊ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ከንብረቱ ሊያፈናቅለው የተነሳ ሰው። ሲንደላር ተገቢውን ዋጋ ከፍሏል ብለው የሚከራከሩለት አሉ። እኔም ብዙ ጊዜ እንደነሱ ልከራከርለት ሞክሬአለሁ፤ ስወደው ስለኖርኩ። ግን ሻጩ እምቢ ማለት በማይችልበት ገበያ ተገቢ ዋጋ የሚባል ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥር 23 ቀን 1939 ሲንደላር ከጓደኛው ከካሚላ ካስታኞላ ጋር አፓርታማ ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍኖ ተገኘ። 35 ዓመቱ ነበር። ገደሉት፣ ራሱን ገደለ የሚሉ ወሬዎች እስከ ዛሬ አልቆሙም። ቪየና ግን በሺዎች ወጥታ ቀበረችው።

ማታ ፎቶግራፉን እንደገና አወጣሁት። ፋሻው እንዳለ ነው፣ ፊቱም እንዳለ ነው። ከሰሞኑ ግን የምፈልገው ሌላ ፎቶግራፍ ሆኗል፤ ከዚያ ቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ፣ ከእሱ በፊት የቆመውን ሰውዬ።