የዳማው ሰኮና

እንጅባራ የገባሁት ለጥር 23 ስድስት ቀን ሲቀረው ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው። ብዙው ሰው ጉግሱንና ግልቢያውን ሊያይ ይመጣል። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን፣ ፈረስ ሲገራ ማየት ፈለግሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ተቀበሉኝ። እዚህ አዊ ውስጥ ፈረስ ያርሳል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይወጣል፤ ሰው የሚፈራ ፈረስ ለማንም አይሆንም። ጓሯቸው የታሰረው ወጣት ዳማ ፈረስ ከገበያ ከተገዛ ገና ወሩ ነው። ቀድሞ ማን እንደመታው አይታወቅም፤ እጅ ከፍ ሲል ግን ቆዳው ይንቀጠቀጣል።

እጄን ዘርግቼ ፊት ለፊት ሄድኩበት። «ልጄ፣ እንደሱ አትምጪበት፤ ግንባሩ ሥር ያለውን አያይም» አሉኝ። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል፤ የሚሰወረው ልክ አፍንጫው ፊትና ጭራው ኋላ ያለው ነው። በትከሻው በኩል እያወራሁ ተጠጋሁ። ሸሸ። «ሲሸሽ አትከተይው። ቁሚ።»

ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ።

በማግስቱ ገመዱን አስያዙኝ። «ስትስቢ እየጠየቅሽው ነው። አንድ እርምጃ ከሰጠሽ ወዲያው ገመዱን አላይለት። ካላላሽለት ልክ መሥራቱን በምን ያውቃል?» ይህ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እጄ መሳብ ያውቃል፣ መልቀቅ ይረሳል፤ ስረሳ ዳማው አንገቱን ያደነድናል። በሦስተኛው ቀን ጆሮው ወደ እኔ ዞረ፣ አንገቱ ዝቅ አለ፣ አፉን አላመጠና በረጅሙ ተነፈሰ። ደስ ብሎኝ ልቀጥል ስል አዛውንቱ ከሩቅ «በቃ፣ ለዛሬ ተይው» አሉ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ፈረሱ እሺ ባለባት ቅጽበት ሥራው ያበቃል።

ማታ እሳት ዳር ስለ ፈረስ ስም ተጫወትን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፤ ጌታው በፈረሱ ይጠራል። ስሞቹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ «አባ» የምትለዋን ቃል ግን በደንብ የሰማኋት ያን ማታ ነው።

ዳማው ለዘንድሮ አልደረሰም። ጥር 23 ማለዳ አዛውንቱ በዕድሜ ጠና ያለውን ፈረሳቸውን ግላስ እያለበሱ «የዳማውን ሰኮና እይልኝ» አሉኝ። ፈረስ መከላከያው ሩጫው ነው፤ እግሩን ለሰው ሲያስይዝ እሱን መስጠቱ ነው። ትከሻውን ዳሰስኩ፣ እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ታች አወረድኩና ጠበቅሁ። ክብደቱን ወደ ሌላው እግሩ አዛወረና ሰኮናውን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ጭቃውን በእንጨት ጠረግሁ። ከዚያ፣ እሱ ከመንጠቁ በፊት፣ መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩለት።