አንድ ዘረመል የትና መቼ ይሠራል? ከዶሮ ሽል የተማርኩት

በአውራ ጣት በኩል ትርፍ ጣት ያላቸው ልጆች በሚወለዱባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች፣ የእጅን ቅርጽ የሚመራው ዘረመል ራሱ ምንም ጉድለት የለበትም። የተበላሸው ይህ ዘረመል የትና መቼ ሥራ እንዲጀምር የሚያዝዘው የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ ነው። ነገሩን ከንባብ አውቀው ነበር። በደንብ የገባኝ ግን ቤተ ሙከራ ገብቼ በዶሮ ሽል ላይ በገዛ እጄ ስሠራ ነው።

ዘረመሉ ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ አለ፤ የሚያነበው ግን ጥቂቱ ሕዋስ ብቻ ነው። የሚያነበው ሕዋስ ከዘረመሉ አር.ኤን.ኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል። የእኔ ሥራ ያንን ቅጂ ካለበት ሳይነቃነቅ ቀለም አስይዞ ማየት ነበር።

አውራ ካለበት መንጋ የመጣ እንቁላል በ38 ዲግሪ ማስፈልፈያ ውስጥ አራት ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ ቅርፊቱን ከላይ በትንሽ መቀስ ዙሪያውን ቆርጬ እከፍታለሁ። ሽሉ አስኳሉ ላይ ጋደም ብሎ ይታያል፤ ልቡ ይመታል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ክንፍ የሚሆነው ክፍል ገና ከጎኑ ያበጠ ትንሽ እምቡጥ ነው፤ አጥንትም ጣትም የለውም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት አገኘሁ፤ የሽልን ዕድሜ በሰዓት መቁጠር አይበቃም። በአንድ ሰዓት ማስፈልፈያ የገቡ እንቁላሎች እኩል አያድጉም፤ ከመግባታቸው በፊት የቆዩበት ጊዜና ሙቀት ይለያያል። ስለዚህ ቪክቶር ሃምበርገርና ሃዋርድ ሃሚልተን በ1951 ባወጡት የ46 ደረጃዎች ሰንጠረዥ መሠረት፣ የእያንዳንዱን ሽል ክንፍ፣ እግርና ጅራት ቅርጽ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ደረጃውን እመዘግብ ጀመር። ሶኒክ ሄጅሆግ በእምቡጡ ውስጥ የሚሠራው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃው ያልተመዘገበ ሽል ውጤቱን ማንበብ አይቻልም።

ሽሉ እንዳይበሰብስና ሕዋሳቱ ባሉበት እንዲቆዩ በፎርማልዴሃይድ ከተያዘ በኋላ፣ ከምንፈልገው ቅጂ ጋር ብቻ የሚጣበቅ፣ ዲጎክሲጀኒን የተባለ ምልክት ያለው አር.ኤን.ኤ ጨምሬበት በ70 ዲግሪ ያድራል። በማግስቱ በደንብ ይታጠባል፤ ከዚያ ምልክቱን ለይቶ የሚይዝ፣ አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ይጨመራል። አንቲቦዲው ላይ ያለው ኢንዛይም ቀለም የሌለውን ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ዝቃጭ ይለውጠዋል። አር.ኤን.ኤን የሚበላው ኢንዛይም በቆዳችን ላይም ስላለ፣ ጓንት መቀየርና የሥራ ጠረጴዛውን ለብቻ መለየት ግድ ነው።

ቀለሙ ሲወጣ ማየት እስካሁን የሚያስደስተኝ ነገር ነው። መጀመሪያ በጀርባው በኩል፣ ኖቶኮርድ ከሚባለው ዘንግ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ቆይቶ በክንፉ እምቡጥ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ በጅራቱ ወገን፣ አንዲት ሐምራዊ ነጥብ ትወጣለች። የፊተኛው ጠርዝ ባዶ ነው። የኖቶኮርዱ መስመር ትልቅ ጥቅም አለው፤ እሱ ቀለም ይዞ እምቡጡ ባይዝ፣ ሙከራው ሠርቷል፣ ዘረመሉ ግን እዚያ አልተነበበም ማለት ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ስለ እምቡጡ ምንም መናገር አይቻልም። ከዚያ ወዲህ መልሱን አስቀድሜ የማውቀው ቦታ የሌለበት ሙከራ አልጀምርም።

ያቺ ነጥብ ለምን ይህን ያህል ታስፈልጋለች? በ1968 ጆን ሳንደርስና ሜሪ ጋሲሊንግ ከእምቡጡ የኋላ ጠርዝ ሥጋ ቆርጠው በፊተኛው ጠርዝ ላይ ቢተክሉት፣ ክንፉ እንደ መስታወት ምስል የተደገሙ ጣቶች አወጣ። በ1993 ደግሞ በሃርቫርድ የክሊፍ ታቢን ቤተ ሙከራ፣ ሶኒክ ሄጅሆግን የሚያወጡ ሕዋሳት ብቻቸውን ያንኑ ማድረግ እንደሚችሉ አሳየ። ስለዚህ ዘረመሉ በማይገባው ጠርዝ ላይ ጥቂት እንኳ ቢነበብ ትርፍ ጣት ይበቅላል።

በሰው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ዜድ.አር.ኤስ የሚባለው አዛዥ ቁራጭ ከሶኒክ ሄጅሆግ አንድ ሚሊዮን የዲ.ኤን.ኤ ፊደል ያህል ርቆ፣ ኤል.ኤም.ቢ.አር.1 በሚባል ሌላ ዘረመል ውስጥ ይገኛል። በውስጡ አንድ ፊደል መቀየሩ ብቻ ትርፍ ጣት ሊያመጣ እንደሚችል በ2003 ታወቀ። በአይጥ ላይ ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ሲወገድ ደግሞ እግሮቹ ከጫፋቸው ይጎድላሉ፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ግን በደህና ያድጋል። (በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ይበልጥ የተለመደው ትርፍ ጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሌላ ነው።) የዘረመሉን ፊደላት ብቻ አንብቦ «ጤነኛ ነው» ማለት ለእነዚህ ቤተሰቦች መልስ አይሆንም።

የአር.ኤን.ኤ ቅጂዎችን አንብቦ ወደሚቆጥረው መሣሪያ፣ ወደ አር.ኤን.ኤ ሲኩዌንሲንግ፣ ስንሸጋገር ይህ ሁሉ ጠቀመኝ። መሣሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎችን በአንዴ ይለካል፤ እምቡጡን ሙሉውን ብንፈጨው ግን ያቺ ነጥብ በብዙ ዝም ያሉ ሕዋሳት መካከል ትሟሟለች። የፊቱንና የኋላውን ግማሽ ለይተን ስንቆርጥ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ወጣ። ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች ቦታውን በዓይናቸው ሳያዩ ወደ መሣሪያው የሚሮጡት በጣም ያሳስበኛል።

በበሽታ ጥናት ጉዳዩ ይብሳል። በዕጢ ናሙና ውስጥ አንድ ዘረመል «ጨመረ» ሲባል፣ የካንሰሩ ሕዋስ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ዕጢው የገቡ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ይሆናል። በ2010 የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕመምተኞች ደም ውስጥ፣ ኢንተርፌሮን በሚባለው የሰውነት መከላከያ መልእክተኛ የሚነሣሡ ዘረመሎች እንደሚጨምሩ ያሳዩት ተመራማሪዎች የደሙን ሕዋሳት ለያይተው መለካት ነበረባቸው፤ ምልክቱ በዋናነት ኒውትሮፊል ከሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት እንደሚመጣ ያወቁት በዚያ ነው። እኔም አሁን የሕመምተኛ ናሙና ውጤት ሲቀርብልኝ፣ የዘረመሎቹን ዝርዝር ከመክፈቴ በፊት ናሙናው ውስጥ የትኞቹ ሕዋሳት በምን ያህል መጠን እንዳሉ፣ ከየትኛው የአካል ክፍልና በሕመሙ በስንተኛው ቀን እንደተወሰደ እጠይቃለሁ።