በአንድ ስም ሁለት ኮረብታ

ሦስት ሳምንት ሙሉ የቀባነውን ተራራ እንደገና መቀባት ግድ ሆነብን። ምክንያቱ እኔ የጻፍኳት አንዲት ወረቀት ነበረች።

ከአገሬ ርቄ በምኖርበት ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ሥራቸው የታሪክ ጦርነቶችን ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። መሬቱን ከፎም ይቆርጣሉ፣ የጣት አንጓ የምታህል ወታደር በቀጭን ብሩሽ ይቀባሉ፣ በስተመጨረሻ የአንድ ውጊያ አንድ ሰዓት ባለበት ቆሞ ይቀራል። ዲዮራማ ይሉታል። እኔ የሄድኩት የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቆሜ ሳይ፣ አንድ አዛውንት የያዙትን ፈረስ ሳያስቀምጡ በአገጫቸው ወንበር ጠቆሙኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከየት ነህ?» ብሎ ነበር። እሳቸው ምንም ሳይጠይቁ ብሩሽ ሰጡኝ።

ያን ቀን የአሥራ ሁለት ወታደር ጫማ ጥቁር ቀባሁ። ለሁለት ወር ከጫማ አልወጣሁም፤ ደስም ይለኝ ነበር። የሳምንቱን ቀናት በተሰባበረ ቋንቋ ስታገል እውልና፣ ቅዳሜ ሲደርስ እጄ ብቻ የሚናገርበት ቦታ አገኛለሁ። ሥራው ሥርዓት አለው። ምስሉ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝም። ሲደርቅ መደብ ቀለም ይረጭበታል፣ በላዩ ዋናው ቀለም ይገባል። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ይፈስበትና የልብሱን እጥፋት፣ የዓይኑን ጉድጓድ፣ የጣቶቹን መሃል ይሞላል። መጨረሻ ላይ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ የተቃረበ ብሩሽ ጉብ ጉብ ያለውን ቦታ ብቻ ዳሰስ ያደርገዋል። ያኔ ጠፍጣፋ የነበረው ፊት ድንገት ጉንጭ ያወጣል። ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ያስደስተኛል።

አንድ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚቀጥለውን እንድመርጥ እኔን ጠየቁኝ። «ዓድዋ» አልኩ። ስሙን ሰምተው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ለማስረዳት ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብዬ ጀመርኩና በእነሱ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑን ጨመርኩ። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ 17,700 ያህል ወታደርና 56 ያህል መድፍ ይዞ በሌሊት መነሳቱን፣ ጦሩ በአልቤርቶኔ፣ በአሪሞንዲና በዳቦርሚዳ መሪነት በሦስት መስመር ሲጓዝ ኤሌና በተጠባባቂነት መከተሉን ተናገርኩ። ከእኛ ወገን በአፄ ምኒልክ ሥር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው መሰለፋቸውን፣ የሠራዊቱ ብዛት 100 ሺህ ገደማ ተብሎ እንደሚገመት ነገርኳቸው። እዚህ አገር ከመጣሁ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ለሥራው መጀመሪያ የሚቸግረው ልኬት ነው። በ1 ለ 72 ልኬት ሰው 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሬቱም በዚሁ ልኬት ይሠራ ከተባለ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻውን 14 ሜትር ጠረጴዛ ይበላል፤ የዓድዋ ውጊያ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ተራርቆ ነው የተካሄደው። ስለዚህ መሬቱን አሳነስን፣ አንድ ምስልም መቶ ሰው እንዲወክል ተስማማን። 1,000 ኢትዮጵያውያን፣ 177 የጣሊያን ጦር። ለሰባት ሰዎች የሁለት ዓመት ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሚቆመው ሰዓት የትኛው ይሁን የሚለው ነው። አዛውንቱ ስለ ካፒቴን ዊልያም ሳይቦርን ያጫወቱን ያን ጊዜ ነው። ሳይቦርን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1830 ጀምሮ ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሎን ጦርነት በአነስተኛ ምስሎች ሠራ፤ ከ70 ሺህ በላይ ምስል አለው። ከውጊያው ለተረፉ መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ በፈረንጆች ሰዓት ከምሽቱ 7 ላይ የት ቆመው እንደነበር ጠየቃቸው። በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ብዙ ፕሩሲያውያን መታየታቸው ድሉን ለእንግሊዞቹ አዛዥ ለዌሊንግተን ብቻ መስጠት የፈለጉትን ቅር አሰኘ። ሥራው በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ታየ፤ ዛሬም እዚያው በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። ሰዓት መምረጥ ማን እንደሚታይ መምረጥ መሆኑን ያን ቀን ገባኝ።

እኔም ከአማርኛ መጻሕፍት የሰዓቱን ቅደም ተከተል ገልብጬ፣ ተርጉሜ ሰጠኋቸው። በ12 ሰዓት የአልቤርቶኔ ጦር ውጊያ ገባ፤ በ4 ሰዓት ተኩል ገደማ ተፈታ። ሁሉም የፈለገው ይህችን የሁለተኛዋን ሰዓት ነበር፤ አልቤርቶኔ ሲፈታ ዳቦርሚዳ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ለብቻው ተነጥሎ የሚገኝበትን። ተራሮቹ ከፎም ተቆረጡ። ሳሩን አረንጓዴ ሊያደርጉት ሲሉ የካቲት በጋ ነው፣ ሳሩ ይደርቃል ብዬ ወደ ገለባ ቀለም አስለወጥኳቸው። ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ እንዳዘነበለች ተቆጥሮ የሰማያታና የራዮ ተራሮች ምሥራቃዊ ፊት በጥላ ተቀባ።

በሦስተኛው ሳምንት ጣሊያንኛ የሚያነብ አባላችን መጽሐፉን ከፍቶ፣ «የአልቤርቶኔ ብርጌድ የፈረሰው ከቀትር በፊት ነው ይላል፤ ያንተ ወረቀት ግን ከቀትር በኋላ ይላል» አለኝ። ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። የእኛ ቀን ከንጋት እንደሚቆጠር፣ የእኛ 12 የእነሱ 6፣ የእኛ 4 ተኩል የእነሱ 10 ተኩል መሆኑን ሳልነግራቸው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬው ነበር። በሥራ ቦታ፣ በባቡር፣ በሐኪም ቀጠሮ ሰዓቱን ከለወጥኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አማርኛ ሳነብ ግን ያለ ሐሳብ ወደ ድሮው እመለሳለሁ።

ማንም አልተቆጣም። አዛውንቱ ይልቅ ካርታውን ዘረጉና አልቤርቶኔ የጠፋው በምን ምክንያት እንደሆነ አስታወሱን። ባራቲየሪ ባደለው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ ሌላ ነበር፤ የአገሩ ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ደግሞ ከዚያ አልፎ ወደ ኢትዮጵያውያኑ ሰፈር የቀረበው ነው። አልቤርቶኔ ወደ እውነተኛው ስም ሄደ። ጦሩን ከሌሎቹ ነጥሎ በጨለማ ገሰገሰ፣ ሲነጋ ብቻውን ነበር። በአንድ ስም ሁለት ኮረብታ። እኛም በአንድ ቁጥር ሁለት ሰዓት ይዘን ተራራ ስንቀባ ሰንብተናል። ምሥራቃዊውን ፊት በብርሃን፣ ምዕራቡን በጥላ አድርገን እንደገና ቀባነው፤ በጠዋት ብርሃን ዓድዋ እንዴት እንደምታምር ልነግራችሁ አልችልም።

የኢትዮጵያውያኑን ልብስ በአብዛኛው ራሳችን ነው የሠራነው። ሌላ አገር ወታደር ላይ ሸማ በፑቲ እያለበስን፣ ለምድ፣ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ትከሻ ላይ ውጅግራ ጠመንጃ እየጨመርን። ለቁስለኛና ለተዋጊ ውሃ ያመላለሱትን ሴቶች ከነገንቧቸው ከሸክላ ጭቃ አበጀናቸው። በመቶ ሰው አንድ የሚለው ሕግ እነሱን አይመለከትም ብዬ ተከራክሬ አሸነፍኩ።

ያለ ምልክት የቀረ አንድ ሣጥን ነበር። የአልቤርቶኔ ብርጌድ 4 ሺህ ገደማ ሲሆን አብዛኞቹ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ወደ 40 ምስል። እኔ ሣጥኑ ላይ በእርሳስ «ባንዳ» ብዬ ጻፍኩ። ከልጅነቴ የሰማሁት ቃል እሱ ነው፤ በዚያ ክፍል አማርኛ የሚያነብም አልነበረም።

አንዲት እናት የመጡት በመኸር ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ላይ ዓድዋ የሚለውን አይተው። ከአስመራ የመጡ፣ የእናቴ እኩያ። ጠረጴዛውን ዞሩ። ማንም ሰው ዲዮራማን እንደ ሥዕል ከአንድ ወገን ብቻ አያየውም፤ ከምኒልክ ሰፈር ተነስቶ ዞሮ ዞሮ ከአልቤርቶኔ ጀርባ ይደርሳል። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ሣጥኑን አነሱ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ልጄ?»

«አዎ እናቴ» አልኩ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። በዚያ ጦርነት የተማረኩ አስካሪዎች በክህደት ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደተቆረጠ አውቅ ነበር። ለጓደኞቼ ስለ ድሉ ሳወራ ግን ይህን ዘልዬዋለሁ። ላጲስ አውጥቼ ቃሉን አጠፋሁ፤ «አስካሪ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

የአስካሪዎቹ ቆብ፣ ታርቡሹ፣ ቀይ ነው፤ የሻለቃው መለያ ቀለም ዘርፉ ላይ ይውላል። ፊቱን መቀባት ሲጀምሩ የትኛውን ቡናማ ልጠቀም አሉኝ። ለእኛ ሰዎች የቀላቀልኩትን ብልቃጥ አቀበልኳቸው። ሌላ ብልቃጥ አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

አሁን በየቅዳሜው ይመጣሉ። እስከ ዛሬ 22 አስካሪ ጨርሰዋል፤ አንዱ ወድቆ ፊቱ ወደ ሰማይ እንዲሆን ጠይቀው ነበር፣ አድርገንላቸዋል። የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገና ባዶ ፎም ነው። የዳቦርሚዳ ጦርም በመደብ ቀለም ብቻ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጉዳይ አልተቋጨም፤ 60 ፈረስ ይቀረናል፣ የፈረስ እግር ደግሞ ቶሎ ይሰበራል።