ኮርኒሱ ተሰቀለ፣ ጠብታውም ቆመ

የጋራዥ ወርክሾፔ ኮርኒስ አለቀ። «አለቀ» ለማለት እንኳ ትንሽ አፌን ይይዘኛል፤ ጥግ ላይ ቀለም ያልነካው ቦታ አለ፣ በበሩ በኩልም የምሸፍነው ጠርዝ ይቀረኛል። ቢሆንም ቀና ስል ቆርቆሮ አላይም። ማለዳ ስገባም የመጋዝ ጠረጴዛዬ ደረቅ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ አልነበረምና ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም።

የምጽፈው ጋራዡ ውስጥ እንጨት ለሚሰነጥቅ፣ ለሚልግና ለሚያጣብቅ ሰው ነው። የሳሎን ኮርኒስ ለሚያሠራ ብዙም አልጠቅምም።

ባዶ ቆርቆሮ ሥር የሠራ ሰው ለምን ኮርኒስ እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ ዝናብ ሲወርድ ሰው ቢጠራችሁ አትሰሙም። በየወራጁ ላይ የተከመረው ደቃቅ ሰጋቱራ ደግሞ ቫርኒሽ ቀብታችሁ እስክትጨርሱ ጠብቆ ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄዬ ምን ልስቀል የሚል ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክረው ጂፕሰም ቦርድ ነው። ምክንያት አለው። ጂፕሰም ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማው በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ በእንፋሎት እየወጣ ሙቀቱን ይበላል፤ ከጀርባው ያለው እንጨት ቶሎ እንዳይቀጣጠል ጊዜ ይሰጣል። ጋራዣችሁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ወይም በላዩ መኝታ ክፍል ካለ ክርክሩ እዚሁ ያበቃል። ጂፕሰም ስቀሉ፤ የአካባቢያችሁ የሕንፃ ሕግ ምን ያህል ውፍረት እንደሚጠይቅም አስቀድማችሁ አጣሩ።

የኔ ጋራዥ ግን ለብቻው የቆመ ነው። ለወርክሾፕ ደግሞ ጂፕሰም አይመቸኝም። ረጅም ጣውላ ስታዞሩ ጫፉ ኮርኒሱን መንካቱ አይቀርም፤ አንዴ ከነካው ይሰረጉዳል። ብሎን በቀጥታ ብትከቱበት አይዝም። እርጥበት አይወድም። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነው አንዱ ቦርድ ወደ 25 ኪሎ ይጠጋል። ያን ከራስ በላይ ይዞ መቆም ቀልድ አይደለም።

ፒቪሲ ቀላል ነው፣ ውሃም አይፈራም። ነገር ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ሲቃጠል ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ይለቃል። ብረት ሞርዳችሁ ብልጭታ የምታስነሱ ከሆነ እርሱት። 60 በ60 የሚባለው በሐዲድ ላይ የሚቀመጠው ኮርኒስ ለቢሮ ጥሩ ነው። የጋራዥ በር ከፍታችሁ ንፋስ ሲገባ ግን ሰሌዳዎቹ ብድግ ይላሉ፣ ላያቸው ላይ የተኛው አቧራም ይረግፋል። ፎም ሳይሸፈን መለጠፍ? በፍጹም። እሳት ሲነካው የሚሆነውን አይቶ የሚለጥፍ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የመረጥኩት 9 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ነው። አንዱ ሉህ ከጂፕሰሙ በጣም ይቀላል፣ ብሎን ይይዛል፣ ቢመታም አይሰበርም። ከሁሉ በላይ ግን ፈትታችሁ መልሳችሁ መስቀል ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ወርክሾፕ በየጊዜው ይለወጣል። ዛሬ እዚህ ያለው ማሽን ነገ እዚያ ይሄዳል፣ መብራትና ሶኬትም ይከተለዋል። ስለዚህ ኮርኒሱ በካቻቢቴ የሚወርድ መሆን አለበት። ችግሩ ፕላይውድ እንጨት ነው፣ ይነዳል። በዚህ ምክንያት ብረት ከምሞርድበት ጥግ በላይ ያለውን ብቻ ጂፕሰም አደረግሁ። አብረው አያምሩም፤ አልደብቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ጠብታው ነው።

ዝናብ ሳይዘንብ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ማለዳ፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። መጋዙ ላይ፣ መላጊያው ላይ፣ ያጣበቅሁት ጣውላ ላይ። ብረቱ ሁሉ ዝገት ጀመረ። ያየ ሁሉ «ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ሚስማሮቹን በሲሊኮን ድፈን» ይላል። ጣሪያ የሚሠራ ሰውም መጥቶ ያንኑ ደገመ። እኔን ያጠራጠረኝ ውሃው ያለበት ቦታ ነው። ቀዳዳ ቢሆን ከሚስማር ሥር ወይም ከቆርቆሮ መደራረቢያ ላይ መስመር ሠርቶ ይወርድ ነበር። ይሄኛው ግን በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ሙሉ እንደ ላብ ችፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ደመና ባደረበት ሌሊት ደግሞ የለም፤ ዝናብ ቢጥል እንኳ።

ነገሩ ጤዛ ነው። ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው አየር ደግሞ እርጥበት ይዟል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 12 ዲግሪ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ መጣል ይጀምራል። 12 ዲግሪ ለሌሊት ቆርቆሮ ምንም አይደለም። ሲሊኮን በካርቶን ብትገዙ ይህን አያቆመውም።

አንዳንዱ «ታዲያ ኮርኒስ ስቀልበት፣ አይታይህም» ይላል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ ምክር። ኮርኒስ ብትሰቅሉ ውሃው የትም አይሄድም፤ ከኮርኒሱ ጀርባ ይንጠባጠባል። እንጨት በውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ለሻጋታና ለመበስበስ ይጋለጣል። እናንተ የምታዩት ቡናማው እድፍ ከታች ብቅ ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ጀርባው አልቆለታል። መጀመሪያ ጠብታው ይቁም፣ ኮርኒሱ ከዚያ በኋላ።

ስለዚህ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ጀመርኩ። ለወለሉ ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ውሃው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ ከወለሉ እየመጣ ነው። ከላይ ከሆነ ከአየሩ ነው። የኔ ከሥሩም ከላዩም ረጠበ። እንግዲህ ተመስገን ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ እንጨቱ ራሱ ነው። ገና ያልደረቀ ጣውላ በግድግዳው ጥግ ደርድሬ ነበር። እርጥብ እንጨት የያዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ አየር ይወጣል። ሦስተኛው በብርድ ጊዜ የማነደው የጋዝ ማሞቂያ ነው። ይህን ብዙ ሰው ስነግረው አያምንም። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ ይፈጥራል፤ ጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናልና። ጭስ ማውጫ ከሌለው ውሃው በሙሉ እዚያው ክፍል ይቀራል። ሰጋቱራ ባለበት ክፍል እሳት ማንደድ በራሱ ትክክል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ብርድ ሲይዝ ግን ሰው ሰበብ አያጣም።

እንጨቱን ወደ ውጭ አውጥቼ ከዳስ ሥር ደረደርኩት። ማሞቂያውን ተውኩት። ወለሉን እርጥበት የሚከላከል ቅብ ቀባሁት። ጠብታው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። የጠፋው አየር መግቢያና መውጫ ስሠራለት ነው። ከጣሪያው ታችኛ ጠርዝ በሁለቱም በኩል መግቢያ፣ ከላይ ከአናቱ መውጫ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከላይ ሲወጣ ከታች አዲስ ይስባል። አንዱን ብቻ ብትከፍቱ ብዙም አይነቃነቅም። ወፍና አይጥ እንዳይገቡ ደቃቅ ወንፊት ሽቦ አድርጉበት።

እርጥበት መለኪያውን ሳላመሰግን አላልፍም። ትንሽ፣ በባትሪ የምትሠራ፣ ሙቀትና እርጥበት የምታሳይ ናት። ሰው ለጣሪያ ሥራ የሌዘር ውሃ ልክ ይገዛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ይህችን ግዙ እላለሁ። አንዷን ከታች ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላዋን ከላይ ከወራጁ ጋር አስቀምጡ። ንባቧን ቀን ሳይሆን ጎህ ሲቀድ እዩ፤ ቆርቆሮው በጣም የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ስታድሩና ዘግታችሁ ስታድሩ ያለውን ልዩነት ካያችሁ በኋላ ማንም ሲሊኮን አይሸጥላችሁም።

ከኮርኒሱ በላይ ሙቀትና ብርድ እንዲከላከል ፋይበር ግላስ አነጠፍኩ። ከቆርቆሮው ጋር እንዲነካካ አላደረግሁም፤ አየር የሚያልፍበት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ። እርጥበት የሚከለክለውን ላስቲክ በተመለከተ ብዙ ቪዲዮ አየሁ፣ ሁሉም በእርግጠኝነት ያወራል። ብርድ በሚበዛበት አገር ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ይሆናል። ሞቃትና እርጥብ በሆነበት፣ ክፍሉ በማሽን በሚቀዘቅዝበት አገር ያንኑ ብታደርጉ ግን ውሃውን ኮርኒሱ ውስጥ ታስሩታላችሁ። የሌላ አገር ሰው ያደረገውን አይታችሁ አትቅዱ። እኔ ላስቲኩን ትቼ ቀዳዳ በመድፈን ላይ አተኮርኩ። ሽቦ በሚያልፍበት፣ ግድግዳና ኮርኒስ በሚገናኙበት፣ አምፖል በሚታሰርበት ሁሉ። እርጥበት በቦርዱ ውስጥ ሰርጎ ከሚያልፈው ይልቅ በቀዳዳ ከአየር ጋር የሚያመልጠው ይበዛል። ለዚህም ነው መብራቶቹን ወደ ውስጥ የሚቀበሩ ሳይሆን ላይ የሚለጠፉ ያደረግኳቸው።

መስቀሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ በፍጥነት ልበለው። ከወራጆቹ በታች ሞራሌ አግድም ምቱ። የሉሁ ጠርዝ ሁልጊዜ ሞራሌው መሃል ላይ እንዲያርፍ አስቀድማችሁ በወረቀት ንደፉት። ክር ወጥራችሁ ሞራሌውን አስተካክሉ፤ የጎደለውን በስስ እንጨት ሙሉት። ውሃ ልኩን ባይጠብቅም ግድ የለም፤ ቀጥ ያለ ይሁን ብቻ። ጎርበጥ ያለውን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፣ ትንሽ ማዘንበሉን ግን ማንም አያውቅም።

የጋራዥ በራችሁ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ከዚያ ለኩ። ቁመቱንም አስቡበት። 1.22 በ2.44 የሆነ ሉህ ከአግድም ወደ ቁም ስታዞሩት ከጥግ እስከ ጥግ 2.73 ሜትር ነው። ኮርኒሱን ከዚያ ዝቅ ካደረጋችሁት ክፍሉ ውስጥ ሉህ ማዞር አትችሉም፣ ውጭ አዙራችሁ ነው የምታስገቡት። የቆየ ኮርኒስ የምታፈርሱ ከሆነና አዝቤስቶስ (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ቃጫ) ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ አትንኩት፤ አስመርምሩት።

ብቻውን ለሚሠራ ሰው በቲ ቅርጽ የተመታ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ከኮርኒሱ ከፍታ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ሉሁን ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ስታስገቡት ጥብቅ ይላል። ሁለት ብታደርጉ ይሻላል። ሉሆቹን ከመስቀላችሁ በፊት በሁለቱም ገጽ ቀለም ቀቡ፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ፕላይውድ ይጣመማል። በሉህና በሉህ መሃል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ እንጨት ይነፋልና። ብሎን በጠርዙ በየ15፣ በመሃሉ በየ30 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ሙጫ አትጠቀሙ፤ መፍታት አለ ብለናል። ኤሌክትሪኩን ባለሙያ ይሥራው። ከመዝጋታችሁ በፊት የሽቦውን መንገድ በሙሉ ፎቶ አንሱ።

ስቱኮ አልነካሁም። ከራስ በላይ ስቱኮ መሞረድ እጠላለሁ፤ አቧራው ዓይን ውስጥ ነው የሚያድረው። ክፍተቶቹን በቀጭን የእንጨት ጠፍር ሸፈንኩ። ሰው ሲያየው «አስበህበት ነው» ይለኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ቀለሙ ነጭ፣ የማያብረቀርቅ ነው። እንዲህ ያለ ነጭ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። አምፖል ሳልጨምር የእርሳስ መስመሬን በግልጽ ማየት ጀመርኩ።

አሁን የቀረኝ ጣጣ ድምፅ ነው። ቆርቆሮው የዝናቡን ድምፅ ያመጣ ነበር፤ ይሄ ደግሞ የመላጊያ ማሽኑን ጩኸት መልሶ ጆሮዬ ላይ ያፈሰዋል። ጠፍጣፋና ጠንካራ ገጽ ነውና የሚጠበቅ ነው። ድምፅ የሚውጥ የማዕድን ሱፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ከማሽኑ በላይ ልሰቅል አስቤያለሁ። የሚያሰጋኝ ጨርቁ በሰጋቱራ ተደፍኖ የአቧራ ማከማቻ እንዳይሆን ነው። ሰጋቱራ በሚበዛበት ክፍል ሰቅሎ የሞከረ ካለ ጨርቁ ምን ዓይነት እንደነበርና በምን እንደሚያጸዳው ይንገረኝ።